ቃልና ሥዕል በአንድ ጠረጴዛ

ማስታወቂያን በጋዜጣ ገጽ፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳና በራዲዮ ድምፅ ዘወትር የሚያየውና የሚሰማው ሰው እጅግ ብዙ ሲሆን፣ ያ ማስታወቂያ በየትኛው ቤት እንደ ተፀነሰ፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ማን እንደ ሣለው፣ ለሕዝብም ከመገለጡ በፊት ስንት ጊዜ ተቀዶ እንደ ተጣለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መጽሐፍ የደራሲውን ስም፣ ሥዕል የሠዓሊውን ፊርማ ይዞ ሲወጣ፣ ማስታወቂያ የሚሸጠውን ዕቃ ስም ብቻ ይዞ ስለሚወጣ፣ የሠሪዎቹ ስም እንደ ተሰወረ ይቀራል። ከዚህ በታች ከአንባቢ ጋር የማስተዋውቀው፣ በ1949 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) በኒው ዮርክ ከተማ በ13 ሰዎች የተከፈተው፣ ዶይል ዴን በርንባክ የተባለው የማስታወቂያ ቤት ነው። ይህ ቤት ከጊዜ በኋላ ትልቅ ሆኗል፤ እኔን የሚስበኝ ግን ትንሽ በነበረበት ዘመን ትንሽነቱን እንዴት አድርጎ ሥልት እንዳደረገው፣ በመጨረሻም ያንኑ ትንሽነት ራሱን ለገበያ እንዴት እንዳቀረበው ነው።

የማስታወቂያ ሥራ በአሜሪካ ሲጀመር ድለላ እንጂ ጥበብ አልነበረም። በ1840ዎቹ ዓመታት በፊላደልፊያ ከተማ ቮልኒ ፓልመር የተባለ ሰው የጋዜጦችን ባዶ ቦታ ለነጋዴዎች እያሻሻጠ ከጋዜጦቹ ባለቤቶች የድለላ ዋጋውን ይቀበል ነበር፤ የማስታወቂያውን ቃል ጽፎ የሚያመጣው ግን ነጋዴው ራሱ ነበር። ከጊዜ በኋላ የድለላ ቤቶቹ ጸሐፊና ሠዓሊ እየቀጠሩ የቃሉንና የሥዕሉን ሥራ ከነጋዴው እጅ ቢወስዱም፣ የገቢያቸው ሥርዓት የደላላ ሥርዓት እንደ ሆነ ኖረ፤ ደንበኛው ለጋዜጣ፣ ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ከሚከፍለው ገንዘብ ላይ ከመቶ 15 እጅ ለማስታወቂያው ቤት ይቀር ነበር። ዶይል ዴን በርንባክ ሲከፈት ደንበኞቹ በዓመት የሚያወጡት ገንዘብ በጠቅላላው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል ስለ ነበር፣ ለቤቱ የሚደርሰው 75,000 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው፤ የ13 ሰዎች ደመወዝ፣ የቤቱ ኪራይ፣ ቀለሙና ወረቀቱ ሁሉ ከዚሁ ይወጣል። የዚህም ሥርዓት ጉድለት ለአንባቢ ሳይታየው አይቀርም፦ የሚከፈለው ለገጹ ስፋት እንጂ ለሐሳቡ ማማር አይደለምና፣ መልካም ሐሳብ አስቦ ትንሽ ገጽ ከሚገዛ ቤት ይልቅ ምንም ሳያስብ ሰፊ ገጽ የሚገዛው የበለጠ ያተርፍ ነበር።

በዚህም ምክንያት የዘመኑ ማስታወቂያ ጩኸት የበዛበት ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው አናሲን የተባለው የራስ ምታት ክኒን ማስታወቂያ፣ በሰው ራስ ቅል ውስጥ የሚቀጠቅጥ መዶሻ እያሳየ ያንኑ ቃል መልሶ መላልሶ ያሰማ ነበር፤ ክኒኑም በብዛት ተሸጠ። ስለዚህ የዚህ ትንሽ ቤት ሰዎች ሥራው በሌላ መንገድ ሊሠራ ይችላል ብለው ሲነሡ፣ የተነሡበት ልማድ ያረጀና የከሰረ ልማድ ሳይሆን፣ ጤናማ ትርፍ የሚያገባ ልማድ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከሦስቱ መሥራቾች ኔድ ዶይል ደንበኛ የሚያመጣና ከደንበኛ ጋር የሚነጋገር፣ ማክስዌል ዴን ሒሳቡንና አስተዳደሩን የሚይዝ፣ ዊልያም በርንባክ ደግሞ የሥራውን መንፈስ የሚመራ ነበሩ። ስሞቻቸውን በበሩ ላይ ሲያጽፉም በመካከላቸው ነጠላ ሠረዝ እንኳ እንዳይገባ ተስማሙ። በርንባክ በ1911 በኒው ዮርክ ተወልዶ፣ በዚያው በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምሮ፣ ሥራ እንደ ሰማይ በራቀበት በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በሼንሊ የመጠጥ ኩባንያ የደብዳቤ ክፍል የተቀጠረ ሰው ነው። በዚያ ሳለ ማንም ሳያዝዘው ለአንድ የኩባንያው ውስኪ ማስታወቂያ ጽፎ ወደ ሚመለከተው ክፍል እንደ ላከ፣ ጽሑፉንም ታትሞ በጋዜጣ ላይ እንዳገኘው፣ የጻፈው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ግን እንዳልነበረ ይተረካል። በ1939 በኒው ዮርክ ለተደረገው የዓለም ትርኢት ኃላፊ በስውር ንግግር ይጽፍለት ነበር። ከዚያም ቀጥሎ በዋይንትራውብ ማስታወቂያ ቤት ከሠዓሊው ከፖል ራንድ ጋር የመሥራት ዕድል ገጠመው፤ በኋላ የአይቢኤምን ኩባንያ ምልክት የሣለው ይኸው ራንድ ነው። ሥዕል ለጽሑፍ የተሰጠ ጌጥ ብቻ ሳይሆን በራሱ ልሳን ያለው ተናጋሪ መሆኑን በርንባክ የተማረው በዚህ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኋላም በግሬይ ማስታወቂያ ቤት የፈጠራ ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። ቤቱ እየሰፋና እየበለጸገ ሲሄድ ግን በ1947 ለባለቤቶቹ ደብዳቤ ጽፎ፣ ትልቅነት የሚያመጣውን በሽታ እንደሚፈራ፣ ሕጉንና ዘዴውን ሁሉ ጠንቅቀው የሚያውቁ ባለሙያዎች በበዙ ቍጥር የሥራው ነፍስ ልትጠፋ እንደምትችል፣ ማስታወቂያ በመሠረቱ ማሳመን እንደ ሆነና ማሳመንም ከሳይንስ ይልቅ የጥበብ ወገን መሆኑን ገለጠላቸው። ደብዳቤው የተመኘውን ለውጥ አላመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጁን 1 ቀን 1949 እርሱና ዶይል ከግሬይ ወጥተው፣ አስቀድሞ የራሱ ትንሽ ቤት ከነበረው ከዴን ጋር በማዲሰን ጎዳና ቍጥር 350 ሥራ ጀመሩ። ከግሬይ ጸሐፊዋ ፊሊስ ሮቢንሰንና ሠዓሊው ቦብ ጌጅ አብረዋቸው መጡ፤ የሴቶች ልብስ በርካሽ ዋጋ የሚሸጠው ኦርባክስ የተባለው መደብርም ተከተላቸው። የመደብሩ ባለቤት ናታን ኦርባክ፣ ቤቱ በእግሩ እስኪቆም ድረስ የማስታወቂያውን ዋጋ አስቀድሞ እንደ ከፈለላቸው ይነገራል።

የዚህ ቤት ዋና ግኝት ሲነገር እጅግ ቀላል ነው፤ ከቀላልነቱም የተነሣ ከዚያ በፊት እምብዛም ያልተሠራበት መሆኑ ያስደንቃል። በሌሎቹ ቤቶች ጸሐፊው በራሱ ክፍል ተቀምጦ ቃሉን በመኪና ጽፎ ወደ ሠዓሊው ይልካል፤ ሠዓሊውም በሌላ ክፍል፣ ምናልባትም በሌላ ፎቅ ሆኖ ለተላከለት ቃል የሚስማማ ሥዕል ያበጃል፤ ሁለቱ ሳይተያዩ ሥራው ያልቃል። በአገራችን የብራና መጻሕፍት ሲጻፉ ጸሐፊው ለሠዓሊው ባዶ ገጽ ትቶ እንደሚያልፍ፣ ሠዓሊውም አንዳንድ ጊዜ ጸሐፊው ካረፈ በኋላ መጥቶ ያን ገጽ እንደሚሞላው ማለት ነው። በርንባክ ግን ጸሐፊንና ሠዓሊን ሁለት ሁለት አድርጎ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጣቸው። ከዚህም የተነሣ ጸሐፊው ሥዕሉን፣ ሠዓሊው ርእሱን የሚያመጣበት ጊዜ እየበዛ ሄዶ፣ የትኛው የማን እንደ ሆነ ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ቃልና ሥዕል ተዋሐዱ፤ ተዋሕዶውም ሊቃውንቱ እንደሚሉት ያለ ሚጠትና ያለ ቱሳሔ ነበር ብል አንባቢ ይቅር ይለኛል። ቃሉ ብቻውን ሲነበብ ይጐድለዋል፤ ሥዕሉም ብቻውን ሲታይ ይጐድለዋል፤ አንድ ላይ ሲገናኙ ግን ተመልካቹ ራሱ የቀረውን ይሞላዋል፤ የሞላውንም እንደ ራሱ ሐሳብ ስለሚቈጥረው በቀላሉ አይረሳውም።

በእንዲህ ያለ ክፍል የሚሠራው የዕለት ሥራ ለጎብኚ የሚያሳየው ብዙ ነገር የለውም። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ስለ ሌላ ስለ ሌላው ይጫወታሉ፤ ከጨዋታቸው መካከል አንዲት ቃል ትነሣለች፤ ሠዓሊው ስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሞነጫጭራታል፤ ወረቀቱ በግድግዳው ላይ ይሰካል፤ ከሰዓት በኋላ ሲያዩት ደስ ያሰኘው ሁሉ ሞኝነት ሆኖ ይገኛልና ይቀደዳል። እንደዚህ ሲሉ ውለው ከተረፈው ጥቂቱን ይዘው ወደ በርንባክ ይገባሉ። በርንባክ ስለ ፊደሉ ቅርጽና ስለ ሥዕሉ ውበት ከመናገሩ በፊት የሚጠይቀው፣ ማስታወቂያው ስለ ዕቃው የሚናገረው ነገር ምን እንደ ሆነ ነበር፤ ዕቃውን የሚያስረሳ ቅኔ ምንም ያህል ቢያምር ከእጁ አያልፍም። ከሌላ ሰው ጋር ሲከራከር ትዕቢት እንዳይይዘው ምናልባት ልክ የሆነው እርሱ ሊሆን ይችላል የሚል ቃል የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት በኪሱ ይይዝ እንደ ነበርም ይተረክለታል። ሐሳቡ ከጸደቀ በኋላ ያለው ሥራ፣ ማለት ፎቶግራፉን ማስነሣት፣ ፊደሉን በማተሚያ ቤት ማስለቀም፣ የታረመውን ቅጂ መመርመር፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ቢሆንም በየትኛውም ቤት ከሚሠራው ብዙ አይለይም።

ይልቁንስ ሊነገር የሚገባው በእነዚያ ክፍሎች እነማን ይቀመጡ እንደ ነበር ነው። የማዲሰን ጎዳና ታላላቅ ቤቶች በዚያ ዘመን በብዛት የታወቁ ቤተሰብ ልጆች፣ የታወቁ ኮሌጆች ተማሪዎች የሚሠሩባቸው ሲሆኑ፣ ይህ ቤት የአይሁድን፣ የጣልያንን፣ የግሪክን ስደተኞች ልጆች በብሩክሊንና በብሮንክስ ሠፈሮች ከለመዱት አነጋገርና ቀልድ ጋር ተቀበላቸው። የጸሐፊዎቹ አለቃ ፊሊስ ሮቢንሰን ሴት ነበረች፤ ይህም በዘመኑ እጅግ ብርቅ ነው። ሰው በገዛ ጉድለቱ ላይ የሚቀልድበት፣ በባለጠጋ የሚያሾፍበት፣ ሐዘንን በሣቅ የሚያስታግሥበት የስደተኞች ሠፈር ቋንቋ ወደ ማስታወቂያ ገጽ የገባው በእነዚህ ሰዎች አፍ ነው። የቤቱን መነቃቂያ ምንጭ የሚፈልግ ሰው ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ይልቅ በዚያ ሠፈር ቢፈልገው የሚያገኘው ይመስለኛል።

ለዚህ አብነት የሚሆነው ሌቪስ የተባለው የብሩክሊን ዳቦ ቤት ነው። የሚጋግረው የአይሁድ ምግብ ተብሎ የሚታወቅ ጠቈር ያለ ዳቦ ነበር፤ አይሁድ ያልሆነው የኒው ዮርክ ሕዝብ ደግሞ ዳቦው ለእርሱም መሆኑን አያውቅም ነበር። በ1961 በከተማው የምድር ባቡር ጣቢያዎች የተለጠፉት ሥዕሎች አንድ ሰው ትልቅ ሳንድዊች በእጁ ይዞ ሲስቅ ያሳያሉ፤ ሰውዬው በአንዱ ሥዕል የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ፣ በአንዱ የቻይና ተወላጅ፣ በአንዱ ጥቁር ሕፃን፣ በሌላው የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ልብስ የለበሰ ልጅ ነው፤ ከበላዩና ከበታቹ የተጻፈውም የሌቪን ዳቦ ለመውደድ አይሁዳዊ መሆን አያስፈልግም የሚል ነበር። ቃሉ የጁዲ ፕሮታስ፣ ፎቶግራፉ የሃዋርድ ዚፍ ነው። ዚፍ መልከ መልካም ባለሙያዎችን መቅጠር ትቶ ሰዎቹን ከየመንገዱ ፈልጎ አገኛቸው፤ የቀደምቱ ሕዝብ ተወላጅ የባቡር ሠራተኛ፣ የቻይናው ተወላጅ የምግብ ቤት ሠራተኛ እንደ ነበሩ ራሱ ተናግሯል። ጥቁር ፊት በማስታወቂያ ላይ እምብዛም በማይታይበት፣ ቢታይም በአሽከር መልክ ብቻ በሚታይበት ዘመን፣ አንድ ጥቁር ልጅ ዳቦ ስለ ጣፈጠው ብቻ ሲስቅ መታየቱ ከዳቦው የበለጠ ነገር ነበር።

ስለ ኤል አል፣ ስለ እስራኤል አየር መንገድ ማስታወቂያ ባጭሩ ልናገር። በ1957 አየር መንገዱ ፈጣን የሆነውን ብሪታንያ የተባለ አውሮፕላን ሲያገኝ፣ ቤቱ አውሮፕላኑን ማሳየት ትቶ የአትላንቲክ ውቅያኖስን ፎቶግራፍ አወጣ፤ የፎቶግራፉን ጠርዝም ቀደደው። ከዲሴምበር 23 ቀን ጀምሮ ውቅያኖሱ ከመቶ 20 እጅ ያንሳል የሚለው ቃል ከሥሩ ተጻፈ። ሥዕሉን ያየ ሰው ቃሉን ሳይጨርስ ነገሩ ይገባዋል፤ ያም ሆኖ ያለ ቃሉ ሥዕሉ የተቀደደ ወረቀት ብቻ ነው።

ቤቱን በዓለም ሁሉ ያሳወቀው ግን፣ በአገራችን «ቮልስ» እያልን የምንጠራት፣ የአዲስ አበባን ዳገት ስታጓራ ልጅ ሽማግሌው ሁሉ የሚያውቃት ትንሿ መኪና ናት። በ1959 የቮልስዋገን የአሜሪካ ቅርንጫፍ ኃላፊ ካርል ሃን ማስታወቂያ ቤት ሲፈልግ፣ ሌሎቹ ቤቶች በግምት የሠሩትን የታይታ ማስታወቂያ ሁሉ ሲያሳዩት፣ በርንባክ ለሌሎች ደንበኞች የሠሩትን አሮጌ ሥራ ብቻ አሳየው። ሥራው እንደ ተሰጣቸውም ሰዎቹ ቢሮ ቁጭ ብለው ማሰብ ሳይጀምሩ ወደ ጀርመን፣ ወደ ቮልፍስቡርግ ፋብሪካ ሄዱ፤ የብረቱን መቅለጥ፣ የሞተሩን መገጣጠም፣ ከሁሉም በላይ ያንን ቍጥሩ የበዛ ተቈጣጣሪ ተመለከቱ። አሜሪካ በዚያ ዘመን መኪናዋን በየዓመቱ የምታስረዝም፣ ጅራቱን እንደ ሮኬት የምታሾልበት፣ ኒኬል የምታለብሰው አገር ስለ ነበረች፣ ክብ፣ ትንሽ፣ ሞተሯ ከኋላዋ የሆነ፣ መልኳም ከዓመት ዓመት የማይለወጥ መኪና በዚያ ገበያ ለመሸጥ ምን ዓይነት ቃል ይገኝላታል?

ሠዓሊው ሄልሙት ክሮንና ጸሐፊው ጁልያን ኬኒግ ያገኙላት ቃል ኑዛዜ ነው። ሙሉ ገጽ ገዝተው አብዛኛውን ባዶ ተዉት፤ በላይኛው የግራ ማዕዘን መኪናዋን በጣም አሳንሰው አስቀመጧት፤ ከታች ትንሽ አስብ የሚል ምክር ጻፉ። ከሥሩ የተከተለው ጽሑፍ ትንሽነት የሚያስገኘውን ጥቅም በእርጋታ ይዘረዝራል፤ በአንድ ጋሎን ነዳጅ 32 ማይል ያህል እንደምትሄድ፣ አንድ ዙር ጎማ 40,000 ማይል ያህል እንደሚያገለግላት፣ በክረምት ውኃዋ ይረጋል ተብሎ የሚጨመር መድኃኒት እንደማያስፈልጋት ይናገራል። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ ቀጥ ያለ ፊደል፣ በርእሱ መጨረሻ የተደረገ አንድ ነጥብ፤ ሌላ ምንም የለም። ክሮን ጀርመናውያን ወላጆች የነበሩት፣ ለአንድ መስመር ርቀት ለቀናት የሚጨነቅ ሰው ነበር፤ ሥራው እንዳልተሳካለት ስላመነ ስሙ ሲነሣ እንዳይሰማ ለዕረፍት ርቆ እንደ ሄደ፣ ሲመለስም ዝነኛ ሆኖ እንደ ጠበቀው ይነገራል።

ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት ግን በሁለተኛው ገጽ ታየ። መኪናዋ በመካከል ተሥላ ከሥሯ «ሎሚ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ተጻፈች፤ አሜሪካኖች ነውረኛ ሆኖ የተገኘ መኪና የሚሰድቡበት ቃል ነው። በገዛ ገንዘቡ በተገዛ ገጽ ላይ ዕቃውን ራሱ የሚሳደብ ነጋዴ ከዚያ በፊት እምብዛም አልታየም። አንባቢው ደንግጦ ወደ ጽሑፉ ሲገባ፣ ይህች መኪና በጓንት ማስቀመጫው ላይ ያለ አንድ ጌጥ ስለ ተጫረ እንደ ተመለሰች፣ በፋብሪካው መኪና ከመመርመር በቀር ሌላ ሥራ የሌላቸው 3,389 ሰዎች እንዳሉ፣ በእያንዳንዷ መኪና 189 ነገር ተመርምሮ ከ50 አንዷ እንደምትወድቅ ያነባል። ስድቡ ወደ ምስጋና የተለወጠው በፋብሪካው በታየ ነገር እንጂ በቢሮ በተፈለሰፈ ቃል አለመሆኑን ልብ ይሏል። ጽሑፉ የኬኒግ ሲሆን፣ ለርእስነት ያቺን አንዲት ቃል ያቀረበችው በዚያው ቤት ጸሐፊ የነበረችው ሪታ ሴልደን መሆኗ ይነገራል።

የኪራይ መኪና ኩባንያው የኤቪስ ታሪክም የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ኤቪስ በ1962 ሮበርት ታውንሰንድ የተባለ አዲስ ኃላፊ ሲሾምለት ብዙ ዓመት በኪሳራ የኖረ፣ ከኸርትዝ በታች ሁለተኛ የሆነ ኩባንያ ነበር። በርንባክ 90 ቀን ጊዜና፣ የጻፉት ሁሉ ሳይነካ እንዲወጣ የሚፈቅድ ስምምነት ጠየቀ፤ ታውንሰንድም ሠራተኞቹ ማስታወቂያውን እንዲቀበሉ ወይም እንዲጥሉ እንጂ እንዳያርሙ አዘዘ። ጸሐፊዋ ፓውላ ግሪንና ሠዓሊው ክሮን ኩባንያውን ሲመረምሩ ሊናገሩት የሚችሉት ሌላ እውነት ስላላገኙ፣ ሁለተኛ ነን፤ ስለዚህ አብልጠን እንተጋለን ብለው ጻፉ፤ የቆሸሸ የሲጋራ መተርኰሻ ለማሳየት አቅሙ እንደሌላቸው፣ በመስኮታቸው ፊት ያለው ሰልፍም እንደሚያጥር ጨመሩበት። ሐሳቡ በተመልካች ሲፈተን ግማሹ ሰው ጠላው፤ በርንባክ ግን የወደደውን ግማሽ ይዞ አወጣው። ኤቪስ በዓመቱ ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ተሻገረ። የሚገርመኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ማስታወቂያው የኩባንያውን ሠራተኞች ያስገደዳቸው መሆኑ ነው። ቃሉ አስቀድሞ ለሕዝብ ስለ ተነገረ፣ የመኪናውን መተርኰሻ የሚያጸዳው ሰው ጽሑፉን ሐሰተኛ ላለማድረግ መጥረግ ነበረበት።

ደንበኛን እስከዚህ ድረስ የሚደፍር ቤት የሚያሳድጋቸው ሰዎችም ደፋሮች ናቸው። የግሪካዊው የአበባ ነጋዴ ልጅ ጆርጅ ሎይስ፣ ለፋሲካ ናእት የሚጋግር የጉድማን ኩባንያ ያዘጋጀውን ሥዕል አልቀበልም ስላለው፣ ከመስኮት ወጥቶ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ እናንተ ቂጣውን ጋግሩ፣ ማስታወቂያውን ለእኔ ተዉልኝ ብሎ እንደ ጮኸና ሥዕሉን እንዳስጸደቀ ራሱ ጽፏል። ሎይስ የራሱን ታሪክ ማሳመር የሚወድ ሰው ስለ ነበር፣ ኬኒግም በእርጅናው ዘመን ሎይስ የእኔን ሥራ የራሱ አድርጎ ይናገራል እያለ በአደባባይ ስለ ወቀሰው፣ የመስኮቱን ታሪክ አንባቢ በሚመስለው መጠን ይውሰደው። በአንድ ጠረጴዛ የሚሠራ ሥራ ዕዳው ይኸው ነው፤ ሲወለድ የማን እንደ ሆነ ያልተለየው፣ ሲከብር ባለቤቱ ይበዛል።

ይህን ሁሉ በምስጋና ካነሣሁ በኋላ የምጠረጥረውን ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ሰዎች ስለ ዶይል ዴን በርንባክ ሲናገሩ እውነትን ወደ ማስታወቂያ ያመጣ ቤት ነው ይላሉ፤ በእርግጥም በቮልስ ገጽ ላይ የተጻፈው አንዱም ቃል ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ጥሩ ተናዛዥ የትኛውን ኃጢአት እንደሚናገር የሚያውቅ ነው። መኪናዋ ትንሽ መሆኗ፣ መልኳ አለማማሩ፣ ጌጧ መጫሩ በግልጥ ተነገረ፤ በሂትለር ትእዛዝ እንደ ተፀነሰች፣ ፋብሪካዋም በጦርነቱ ዘመን በግዴታ ሠራተኞችና በእስረኞች ጉልበት እንደ ሠራ ግን በአንዱም ገጽ አልተነሣም፤ ጦርነቱ ካበቃ ገና ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ማስታወቂያዎቹን የጻፉትና የመሩት ከነበሩት ብዙዎቹ አይሁድ መሆናቸው ነገሩን የበለጠ ጥልቅ ያደርገዋል እንጂ አይፈታውም። ትንሹን ጉድለት በፈገግታ የሚናገር ሰው ትልቁን ማንም እንዳይጠይቀው ያደርጋል፤ ይህን ጥበብ ከበርንባክ ቤት በኋላ የመጡት ብዙዎች ከእውነተኛነቱ ይልቅ ፈጥነው ተማሩት።

ጥበቡ ወደ ፖለቲካ ሲገባ ደግሞ ኃይሉ የሚያስፈራ ሆነ። በ1964 ምርጫ ለፕሬዚዳንት ጆንሰን የሠሩት ፊልም አንዲት ሕፃን የአበባ ቅጠል እየነቀለች ስትቈጥር ያሳይና፣ ቈጠራዋ ወደ ኋላ በሚቈጥር ወንድ ድምፅ ተተክቶ በአቶሚክ ቦምብ ነበልባል ያልቃል። የተቀናቃኙ የጎልድዋተር ስም በፊልሙ ውስጥ አልተጠራም፤ ተመልካቹ ራሱ ሞላው። ሴፕቴምበር 7 ቀን በክፍያ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ የዜና ክፍሎች እንደ ወሬ ደጋግመው ስላሳዩት አገር ሁሉ አየው። ሰው የጐደለውን እንዲሞላ መጋበዝ ዳቦ ሲሸጥ የሚያስቅ ሥልት ሲሆን፣ ፍርሃት ሲሸጥ ግን ማንም በሐሰት የማይከሰስበት ክስ ይሆናል።

በዚያው ዓመት ቤቱ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ የሚያስተዳድረው የማስታወቂያ ገንዘብም በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር አልፏል። በርንባክ በ1947 የፈራው ትልቅነት በራሱ ቤት መጣ። ኬኒግና ሎይስ በ1960 ወጥተው ከፍሬድሪክ ፓፐርት ጋር የራሳቸውን ትንሽ ቤት ከፍተው ነበር፤ ቀድሞ በዚሁ ቤት ትሠራ የነበረችው ሜሪ ዌልስም በ1966 ዌልስ ሪች ግሪን የተባለውን ቤት መሠረተች። በርንባክ በ1982 ዐረፈ፤ በ1986 ቤቱ ከሌሎች ሁለት ቤቶች ጋር ኦምኒኮም በተባለው ታላቅ ድርጅት ሥር ገባ።

የሁለቱ ሰዎች ጠረጴዛ ግን ቤቱን ሳይከተል ቀረ። ዛሬ በኒው ዮርክ፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ጸሐፊና ሠዓሊ ጥንድ ሆነው ሥራ ይፈልጋሉ፤ የሥራቸውን ናሙና በአንድ ማኅደር ይዘው ለቃለ መጠይቅ አብረው ይቀርባሉ፤ ቀጣሪውም አንዱን ወድዶ ሌላውን ቢንቅ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አመስግነው ይወጣሉ።